ከታይሮይድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሆርሞን መጠንን መከታተልና ጭንቀትን መቋቋም

የታይሮይድ ካንሰር ታካሚዎች ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቆ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሁለት ነገሮች አብረዋቸው ይመለሳሉ። አንደኛው በየቀኑ የሚወሰድ የሆርሞን መድኃኒት ነው። ሁለተኛው “በሽታው ይመለስ ይሆን?” የሚለው ስጋት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም በታካሚው አካል ውስጥ ይገናኛሉ። የሆርሞን መጠን ሲበዛ ወይም ሲያንስ የሚታዩት ምልክቶች ከጭንቀት ምልክቶች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ታካሚዎች በሐኪም ሊስተካከል የሚችለውን የመድኃኒት መጠን ችግር የካንሰሩ መመለስ አድርገው በመውሰድ ይሸበራሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሕመሙ ስለተወገደ መድኃኒቱ አያስፈልግም በማለት ያቋርጣሉ። ሁለቱም ለጉዳት ይዳርጋሉ።

ይህ መረጃ የታይሮይድ ዕጢያቸው በከፊል ወይም በሙሉ በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። በተለይም እንደ መቻራ፣ ገለምሶ፣ በደሳ፣ ሂርናና ጭሮ ባሉ የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችና በዙሪያቸው በሚገኙ ቀበሌዎች የሚኖሩ፣ ቀዶ ሕክምናውን በሐረር ወይም በአዲስ አበባ አድርገው ክትትሉን ግን በአካባቢያቸው የሚቀጥሉ ዜጎችን ሁኔታ ታሳቢ ያደርጋል። መረጃው የሐኪምን ምክር አይተካም።

የታይሮይድ ዕጢ፣ እንቅርትና ካንሰር

የታይሮይድ ዕጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የሚገኝ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ዕጢ ነው። ዕጢው ከምግብ የሚገኘውን አዮዲን በመጠቀም የሚያመርተው ሆርሞን የልብ ምትን፣ የሰውነት ሙቀትን፣ የምግብ መፈጨትን፣ የክብደትን፣ የእንቅልፍንና የስሜትን ሁኔታ ይቆጣጠራል። ዕጢው ሲያብጥ በተለምዶ እንቅርት ይባላል።

እንቅርት በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የቆየ የጤና ችግር ነው። በ1997 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት ታይቶባቸዋል። ዋነኛው መንስኤ የአዮዲን እጥረት በመሆኑ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ይሁንና እንቅርት በአካባቢው የተለመደ በመሆኑ ምክንያት በአንገት ላይ የሚወጣ እብጠት ለዓመታት ሳይመረመር ሊቆይ ይችላል። በፍጥነት የሚያድግ፣ የሚጠጥር፣ ድምፅን የሚያጎረንን ወይም መዋጥን የሚያስቸግር እብጠት ያለው ሰው ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል።

የታይሮይድ ካንሰር ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። ፓፒላሪ እና ፎሊኩላር የሚባሉት ዓይነቶች ከሁሉም በብዛት የሚገኙ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዝግታ የሚያድጉና በሕክምና ጥሩ ውጤት የሚገኝባቸው ናቸው። ሜዱላሪ እና አናፕላስቲክ የሚባሉት ዓይነቶች በቁጥር አነስተኛ ቢሆኑም የተለየ ሕክምናና ክትትል ይፈልጋሉ። በመሆኑም እያንዳንዱ ታካሚ የራሱን የካንሰር ዓይነት በስሙ ማወቅና የምርመራ ውጤቱን በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል።

ቀዶ ሕክምናው በሰውነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ዕጢው በሙሉ ሲወጣ ሰውነት የታይሮይድ ሆርሞን ማምረት ያቆማል። ሆርሞኑን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን የተባለው እንክብል ነው። ይህ እንክብል የሕመም ማስታገሻ ወይም ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አይደለም። ሰውነት ራሱ ያመርተው የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ስለሆነ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ከዕጢው ግማሹ ብቻ የወጣላቸው አንዳንድ ታካሚዎች መድኃኒቱ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ይህ ግን የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

ሌቮታይሮክሲን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ለውጥ ላይሰማው ይችላል። “ያለ መድኃኒትም ደህና ነኝ” የሚለው የተሳሳተ ድምዳሜ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ድካም፣ የብርድ ስሜት፣ የፊት ማበጥና የሐሳብ መፍዘዝ ይከተላሉ። ለወራት ከተቋረጠ ራስን እስከ መሳትና እስከ ሕልፈት ሊያደርስ ይችላል።

መድኃኒቱ ሁለተኛ ተግባርም አለው። በአንጎል ሥር የሚገኘው ፒቱታሪ ዕጢ ቲኤስኤች የተባለ ሆርሞን በማመንጨት የታይሮይድ ሕዋሳትን ያነቃቃል። ይህ ሆርሞን በፓፒላሪና በፎሊኩላር ካንሰር ጊዜ የቀሩ የካንሰር ሕዋሳት ካሉ እነርሱንም ሊያነቃቃ ይችላል። በቂ ሌቮታይሮክሲን ሲወሰድ ቲኤስኤች ዝቅ ይላል። ስለዚህ እንክብሉ የጎደለውን ሆርሞን ከመተካት አልፎ የካንሰሩን የመመለስ ዕድል ለመቀነስ ይረዳል።

የመድኃኒቱ መጠንና አወሳሰድ

ዕጢው በሙሉ ለወጣለት አዋቂ ሰው መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ያህል ተሰልቶ ይጀመራል። ለምሳሌ 60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ታካሚ በቀን ወደ 100 ማይክሮግራም ሊታዘዝላት ይችላል። በዕድሜ የገፉ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከዚህ ባነሰ መጠን ሊጀምሩ ይችላሉ። ትክክለኛው መጠን የሚወሰነው በሐኪም ሲሆን በደም ምርመራ ውጤት ይስተካከላል።

መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም እንዲገባ የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል፦

• በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ መውሰድ። ከቁርስና ከቡና በፊት ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንክብሉን የወሰደ ሰው ቡናውን 1 ሰዓት ላይ ቢጠጣ ጊዜው ይበቃዋል።
• በሐረርጌ ማለዳ የሚጠጡት ቡና፣ ሻይና በወተት የሚፈላው ሆጃ ከእንክብሉ ጋር አብረው ሲወሰዱ መድኃኒቱ በአግባቡ እንዳይሠራ ሊያደርጉ ይችላሉ። መከልከል አያስፈልጋቸውም፤ ሰዓታቸውን ማራቅ በቂ ነው።
• የካልሲየምና የአይረን እንክብሎች እንዲሁም የጨጓራ አሲድ ማርከሻዎች ከሌቮታይሮክሲን ቢያንስ 4 ሰዓት ተራርቀው መወሰድ አለባቸው።
• ለጨጓራ ኦሜፕራዞል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የታዘዘለት ታካሚ የሆርሞን መጠኑ ሊለወጥ ስለሚችል ሌቮታይሮክሲን እንደሚወስድ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።
• አንድ ቀን የተረሳ እንክብል በዚያው ቀን እንደታወሰ ይወሰዳል። ለብዙ ቀናት ከተቋረጠ የተዘለሉትን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ መዋጥ አይገባም፤ የጤና ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

እንክብሉ በሙቀት፣ በእርጥበትና በብርሃን ይበላሻል። ከምድጃ አጠገብ፣ በመኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ መቀመጥ የለበትም። በተለይ እንደ ሚኤሶ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚኖሩ ታካሚዎች መድኃኒቱን ከነማሸጊያው በቤቱ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ሊያስቀምጡት ይገባል።

በጾም ወቅት

በረመዳን የሚጾሙ ታካሚዎች የመድኃኒቱን ሰዓት ያስተካክላሉ እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጡም። ከኢፍጣር በኋላ የመጨረሻውን ምግብ ከበሉ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይተው በመኝታ ሰዓት መውሰድ ወይም ከሱሑር በፊት ተነሥተው እንክብሉን በውሃ ወስደው ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆዩ በኋላ መመገብ ይችላሉ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ወሩን ሙሉ በዚያው መቀጠል ይመረጣል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት እስከ ቀትር ወይም ከዚያ በላይ የሚጾሙ ታካሚዎችም ጉዳዩን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ሊነጋገሩበት ይገባል። በጾም ወራት በወተት ምትክ የሚወሰድ የአኩሪ አተር ምርትም ከእንክብሉ ጋር ተቀራርቦ መወሰድ የለበትም።

የደም ምርመራው ምን ያሳያል?

የሆርሞን መጠኑ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው በዋናነት በቲኤስኤች ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ከፍ ካለ መድኃኒቱ አንሷል፤ እጅግ ዝቅ ካለ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው። ይሁንና ለካንሰር ታካሚ የሚፈለገው መጠን ለሌላው ሰው ከሚፈለገው ሊለይ ይችላል። ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ዝቅተኛ ለሆነ ታካሚ ቲኤስኤች በሊትር ከ0.5 እስከ 2 ሚሊ ዩኒት ባለው ክልል እንዲቆይ ይደረጋል። መካከለኛ ስጋት ላለበት ታካሚ ከ0.1 እስከ 0.5፣ ከፍተኛ ስጋት ላለበት ደግሞ ከ0.1 በታች እንዲሆን ሊወሰን ይችላል።

በመሆኑም የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ “ዝቅተኛ” የሚል ምልክት ያየ ታካሚ ወዲያውኑ መደንገጥ የለበትም። ውጤቱ ሐኪሙ ሆነ ብሎ ያቀደው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ውጤት የተመለከተ ሌላ ባለሙያም የታካሚውን የካንሰር ታሪክ ሳያውቅ መጠኑን እንዳይቀንስ፣ ታካሚው የታሰበለትን የቲኤስኤች መጠን በሪፈር ወረቀቱ ወይም በመከታተያ ደብተሩ ላይ አስጽፎ መያዝ አለበት።

ቲኤስኤች ለረጅም ጊዜ እጅግ ዝቅ ብሎ ሲቆይ የልብ ምት መዛባትና የአጥንት መሳሳት ሊያስከትል ይችላል። አደጋው በዕድሜ በገፉ ሰዎችና የወር አበባቸው በቆመ ሴቶች ላይ ይጨምራል። ለዚህም ነው ሐኪሙ ዓመታት ሲያልፉና የካንሰሩ ስጋት ሲቀንስ መጠኑን የሚያስተካክለው።

መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ትክክለኛውን ምስል አያሳይም። ውጤቱ ከተረጋጋ በኋላ በየ6 ወሩ፣ ቀጥሎም በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር ለብዙዎች በቂ ነው። በምርመራው ዕለት እንክብሉን ይዞ ሄዶ ደም ከተሰጠ በኋላ መውሰድ ይመከራል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ስለሚችል ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ማቆም ያስፈልጋል።

ካንሰሩ መመለስ አለመመለሱን ለመከታተል ታይሮግሎቡሊን የተባለ የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ ይታዘዛሉ። የታይሮግሎቡሊን ውጤት ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚነጻጸር በመሆኑ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ ማድረግ ይመረጣል። የሜዱላሪ ካንሰር ክትትል የሚደረገው ካልሲቶኒንን በመሳሰሉ ሌሎች የደም ምርመራዎች ነው።

ጭንቀት ወይስ የሆርሞን መዛባት?

የሆርሞን መጠን ሲበዛ ልብ በኃይል ይመታል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ይበዛል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ክብደት ይቀንሳል፤ ሰውነት ሙቀት መቋቋም ያቅተዋል፤ ሰውየው በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሲያንስ ደግሞ ድካም፣ የብርድ ስሜት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የፀጉር መሳሳት፣ የክብደት መጨመር፣ የወር አበባ መብዛት፣ የመርሳትና የማዘን ስሜት ይታያል።

እነዚህ ምልክቶች በጭንቀትና በድባቴ ጊዜም ይታያሉ። ታካሚው በስሜቱ ብቻ ተመርቶ ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ሐኪምም ቢሆን ያለ ደም ምርመራ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ የጭንቀት ወይም የድካም ስሜት ሲመጣ የመጀመሪያው እርምጃ ቲኤስኤች መለካት ነው። ውጤቱ ከታቀደው ውጭ ከሆነ መድኃኒቱ ይስተካከላል፤ ምልክቶቹም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳሉ። ውጤቱ በታቀደው ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ራሱን የቻለ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ታካሚው በራሱ ውሳኔ እንክብል መቀነስ ወይም መጨመር የለበትም።

ጫት በዚህ ረገድ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። እነዚህ ሁሉ ከሆርሞን መብዛት ምልክቶች ጋር የሚመሳሰሉ በመሆናቸው የታካሚውን ሁኔታ ለመረዳት ያስቸግራሉ፤ ቲኤስኤች ሆነ ተብሎ ዝቅ እንዲል በተደረገበት ታካሚ ላይ ደግሞ የልብ ጫናውን ያባብሳሉ። ጫት መተው ይመረጣል፤ የሚቅም ታካሚም ይህንኑ ለሐኪሙ በግልጽ መንገር ይኖርበታል።

ካንሰሩ ይመለሳል የሚለው ስጋት

ስጋቱ የድክመት ወይም የእምነት ማጣት ምልክት አይደለም። ከሕክምና በኋላ በብዙ የካንሰር ታካሚዎች ላይ ይታያል፤ የምርመራ ቀጠሮ ሲቃረብም ይበረታል። እውነታውን ማወቅ ግን ስጋቱን ለመቀነስ ይረዳል። በአሜሪካ የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያሳየው ፓፒላሪ ካንሰር በዕጢው ውስጥ እንዳለ ተገኝቶ ከታከመ ከ100 ታካሚዎች 98 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ 5 ዓመት በሕይወት ይቆያሉ። ካንሰሩ ሊመለስ ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ በአንገት ላይ በሚገኙ ንፍፊቶች ውስጥ ስለሚታይ በክትትል ቀድሞ ከተደረሰበት እንደገና ይታከማል። የክትትል ቀጠሮ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው፤ ቀጠሮ መሰጠቱ ሐኪሙ ሕመሙ ተመልሷል ብሎ መጠርጠሩን አያመለክትም።

ስጋቱን ለመቋቋም የሚከተሉት ይጠቅማሉ፦

• የሚያሳስቡ ጥያቄዎችን ከቀጠሮ በፊት በወረቀት ጽፎ መያዝና ለሐኪሙ ማቅረብ፤ ማብራሪያውን በሚረዱት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ እንዲነገራቸው መጠየቅ።
• አንገትን በየሰዓቱ ከመዳሰስ ይልቅ በወር አንድ ቀን ወስኖ መመልከትና አዲስ እብጠት ካለ ለባለሙያ ማሳየት።
• በእግር መጓዝን፣ የተለመደ ሥራንና በቂ እንቅልፍን መቀጠል።
• ከሚያምኑት የቤተሰብ አባል፣ ከሃይማኖት አባት ወይም ተመሳሳይ ሕክምና ካለፈ ሰው ጋር መነጋገር።

ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ከ2 ሳምንት በላይ ያለማቋረጥ ከቆየ፣ ሥራ ለመሥራት፣ ለመብላት ወይም ለመተኛት ካስቸገረ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የመጣበት ሰው ብቻውን መተው የለበትም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል።

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታካሚው ጋር በአንድ ማዕድ መብላት፣ ልብስ መጋራትም ሆነ አብሮ መኖር አደጋ የለውም። የተለየ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ታካሚው ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን በወሰደባቸው ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ሐኪሙ ለወሰነው ጊዜ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ ይኖርበታል። ከዚህ ሕክምና በፊት ሌቮታይሮክሲን ከ3 እስከ 4 ሳምንት እንዲቋረጥና አዮዲን ያለው ጨው ለ1 ወይም 2 ሳምንት እንዲቀር ሊታዘዝ ይችላል። በዚህ ወቅት የሚመጣው ድካምና መከፋት የሚጠበቅና ጊዜያዊ ነው። ሕክምናው ሲያበቃ መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ እንደገና መጀመሩን ማረጋገጥ ግን እጅግ አስፈላጊ ነው። የታካሚው ቤተሰብ በማንኛውም ጊዜ አዮዲን ያለውን ጨው መጠቀሙን ይቀጥላል።

ካልሲየምና ድምፅ

ከታይሮይድ ዕጢ ጀርባ የሚገኙት አራት ትናንሽ ፓራታይሮይድ ዕጢዎች በደም ውስጥ ያለውን የካልሲየም መጠን ይቆጣጠራሉ። በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሊጎዱ ወይም ለጊዜው ሥራቸውን ሊያቆሙ ይችላሉ። ካልሲየም ሲያንስ በከንፈር ዙሪያና በጣቶች ጫፍ የመደንዘዝና የመቆጥቆጥ ስሜት፣ ቀጥሎም የጡንቻ መኮማተር ይመጣል። ይህ ስሜት በጭንቀት ጊዜም ስለሚኖር በቸልታ ሊታለፍ ይችላል፤ ነገር ግን መጠኑ በጣም ከወረደ ወደ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ያደርሳል። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የታዘዘለት ታካሚ ሐኪም ሳያዝዝ ማቆም የለበትም።

የድምፅ መጎርነን በብዙዎች ላይ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሻላል። ካልተሻለ ወይም ውሃ ሲጠጣ ትን የሚል ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋል።

እርግዝና

በእርግዝና ወቅት የሆርሞን ፍላጎት ከ25 እስከ 50 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለአንጎል ዕድገቱ የሚያስፈልገውን ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ማርገዝ የምታስብ ታካሚ አስቀድማ መመርመር፣ ያረገዘችም እንዳወቀች ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት። ሌቮታይሮክሲን ፅንሱን ስለማይጎዳ በእርግዝናም ሆነ በጡት ማጥባት ጊዜ አይቋረጥም። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የአይረን እንክብል ግን በ4 ሰዓት ልዩነት መወሰድ ይኖርበታል። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አይሰጥም፤ ከተሰጠ በኋላም ቢያንስ ከ6 እስከ 12 ወር እርግዝናን ማቆየት ይመከራል።

ከመቻራ እስከ ሐረር፦ ክትትሉን ሳይቋረጥ ማስቀጠል

የዳሮ ለቡ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መቻራ ከዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ ርቀት ለሚኖር ታካሚ የቀጠሮ መዝለል ወይም የመድኃኒት መቋረጥ ዋነኛ ምክንያቶች የትራንስፖርት ወጪና የመድኃኒት እጥረት ሊሆኑ ይችላሉ። አስቀድሞ ማቀድ ይህን ይቀንሳል።

ክትትሉ የሚጀምረው በአቅራቢያ ከሚገኘው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው የተሰጠውን ማጠቃለያ ሲያቀርብ ተቋሙ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ ጭሮ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም በሐረር ወደሚገኘው ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በአዲስ አበባ ወደሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልከዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ፣ የታደሰ የአባልነት ደብተርና የሪፈር ወረቀት ይዞ መሄድ ይኖርበታል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ይችላል።

ከጉዞ በፊት የሚከተሉትን ማሟላት ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፦

• የሚፈለገው ምርመራ በዚያ ሳምንት መሰጠቱን ስልክ ደውሎ ወይም በጤና ጣቢያው በኩል ማረጋገጥ፤ የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድና የሐኪም ቀጠሮ በአንድ ጉዞ እንዲጠናቀቁ መጠየቅ።
• የቀዶ ሕክምናውን ቀን፣ የካንሰሩን ዓይነት፣ የእንክብሉን መጠን፣ የእያንዳንዱን ምርመራ ቀን፣ ውጤትና ላቦራቶሪ በአንድ ደብተር መመዝገብ።
• መድኃኒቱ ሊያልቅ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው ተተኪውን መፈለግ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ለ2 ወይም ለ3 ወር የሚበቃ ማዘዣ መጠየቅ።

እንክብሉ በ25፣ በ50 እና በ100 ማይክሮግራም የተለያየ ጥንካሬ ስላለው በገዙ ቁጥር ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ይገባል። ባለ 100 ቢጠፋና ባለ 50 ቢገኝ ፋርማሲስቱ ሁለት እንክብል በማድረግ ሊያስተካክለው ይችላል። ይህን ያልተረዳ ታካሚ ግን አንድ እንክብል ብቻ እየዋጠ ግማሹን መጠን ሊያጣ ይችላል። የተለየ ፋብሪካ ምርት ከተገዛም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች መለካት ይመረጣል። መድኃኒቱ መገዛት ያለበት ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ሲሆን የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉም መታየት አለበት። በገበያ የሚሸጥ መድኃኒትም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት ሌቮታይሮክሲንን አይተካም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መድኃኒቱ መወሰዱን በመከታተልና አሳሳቢ ምልክት ሲያዩ ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ ያግዛሉ። ታካሚው ሁኔታውን ለቀበሌው ባለሙያ ማሳወቁ ለዚህ ይረዳል።

ፈጣን ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ አቅራቢያው ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

• ከቀዶ ሕክምና በኋላ የአንገት ድንገተኛ ማበጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር፤
• ከቁስሉ መግል መውጣት ወይም ትኩሳት፤
• የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም መንቀጥቀጥ፤
• የማያቋርጥ ፈጣንና የተዛባ የልብ ምት፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት፤
• ከባድ የእንቅልፍ ስሜት፣ ግራ መጋባትና የሰውነት መቀዝቀዝ፣ በተለይም መድኃኒቱን ባቋረጠ ሰው ላይ፤
• በአንገት ላይ አዲስ እብጠት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር።

ከታይሮይድ ካንሰር ሕክምና በኋላ ለረጅም ዓመታት በጤና መኖር፣ መሥራት፣ መውለድና ልጆችን ማሳደግ ይቻላል። ለዚህም እንክብሉን በየቀኑ በሰዓቱ መውሰድ፣ የቲኤስኤች ምርመራን በጊዜው ማድረግ፣ አዲስ ስሜት ሲመጣም ከመጨነቅ ወይም መጠን ከመቀየር በፊት መመርመር ያስፈልጋል። ቤተሰብም ታካሚው ቁስሉ ስለዳነ ብቻ ሕክምናው እንዳበቃ ሳይቆጥር መድኃኒቱንና ቀጠሮውን በማስታወስ፣ ስጋቱንም በማዳመጥ ሊደግፈው ይገባል።